የመማሪያ ኮድ አልሠራ ሲል፦ ስህተቱን ማረጋገጥ፣ ማሳወቅና ማረም

ፕሮግራሚንግ ከሚማሩ ሰዎች ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ኮዱን ከመማሪያው ላይ እንዳለ ጻፍኩት፤ ግን ኤረር ይሰጠኛል። ጥፋቱ የእኔ ነው ወይስ የመማሪያው?» ሁለቱም ሊሆን ይችላል። የቱ እንደሆነ ግን በሙከራ መለየት ይቻላል። ጥፋቱ የመማሪያው ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ለጸሐፊው ማሳወቅ፣ ብዙ ጊዜም ራሳችሁ ማረም ትችላላችሁ። ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ተማሪ እዚያው ቦታ ላይ አይቆምም ማለት ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ያዙ። ጸሐፊው የእናንተን ስክሪን አያይም። የሚያምናችሁ ስህተቱ እሱ ኮምፒውተር ላይም ሲወጣ ነው። ከታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ወደዚያ የሚወስዱ ናቸው።

ምሳሌዎቹ በብዛት ከፓይተን ናቸው፤ አካሄዱ ግን ለጃቫስክሪፕትም ለሌላውም ይሠራል። የኮድ ቃላቱን እንደሚነበቡ ጽፌያቸዋለሁ፤ ኤዲተራችሁ ላይ በላቲን ፊደል ትጽፏቸዋላችሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ኮዱን ራን የምታደርጉበት ኮምፒውተር። አንድሮይድ ስልክ ብቻ ያላችሁ ለፓይተን ፓይድሮይድ 3 ይበቃችኋል።
- የኮድ ኤዲተር። ቪኤስ ኮድም ሆነ ተራ ኖትፓድ ይሆናል። ወርድ ግን አይሆንም።
- የመማሪያው ትክክለኛ ቦታ። ድረ ገጽ ከሆነ ሊንኩ፣ መጽሐፍ ከሆነ እትሙና ገጹ፣ ቪዲዮ ከሆነ ደቂቃውና ሰከንዱ።
- ምንም ነገር የሌለበት አዲስ ፎልደር።
- የጊትሃብ (ኮድ የሚቀመጥበትና በጋራ የሚታረምበት ድረ ገጽ) አካውንት። በነጻ ይከፈታል።

ደረጃ 1. ኮዱን ምንም ሳትነኩ እንደገና ውሰዱ

የጻፋችሁትን ወደ ጎን አድርጉት። ከመማሪያው ላይ እንደ አዲስ ኮፒ አድርጋችሁ በአዲሱ ፎልደር ውስጥ አስቀምጡ። ከዚያ ራን አድርጉት። አሁን ከሠራ ጥፋቱ የቀድሞው አጻጻፋችሁ ላይ ነው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ልዩነቱን ፈልጉ።

ይህ ደረጃ የሚጠቅመው በዓይን የማይያዙ ነገሮችን ስለሚያጠራ ነው። ወርድና አንዳንድ ድረ ገጾች ቀጥ ያለውን የጥቅስ ምልክት ወደ ጎበጠው ይቀይሩታል፤ ፓይተን ደግሞ የጎበጠውን አይቀበልም። ታብና ስፔስ ሲደባለቁም እንደዚሁ ነው። ከመማሪያው ላይ የመስመር ቁጥሮች ወይም በየመስመሩ መጀመሪያ ያሉት ሦስቱ የቀስት ምልክቶች አብረው ኮፒ ሆነው ከሆነ አጥፏቸው፤ የኮዱ አካል አይደሉም።

የፋይሉን ስምም ተመልከቱ። ስለ ራንደም ሞጁል እየተማራችሁ ፋይላችሁን «ራንደም» ብላችሁ ከሰየማችሁት፣ ፓይተን የራሱን ሞጁል ትቶ የእናንተን ፋይል ይጠራል። የሚወጣው ኤረር ግራ የሚያጋባ ነው፤ መማሪያው ግን ምንም አላጠፋም። በተርትል (በፓይተን የሥዕል ሞጁል) ሲሠሩ ይህ የሚገጥማቸው ልጆች በጣም ብዙ ናቸው።

ደረጃ 2. ኤረሩን ከታች ወደ ላይ አንብቡ

ፓይተን የሚያወጣው ረጅም መልእክት ዋናው ነገር ያለው የመጨረሻው መስመር ላይ ነው። እዚያ ላይ የኤረሩ ዓይነትና ምክንያቱ ተጽፏል። ከሱ በላይ ያሉት መስመሮች ኮዱ የት ደርሶ እንደቆመ፣ በየትኛው ፋይልና በስንተኛው መስመር ላይ እንደሆነ ይነግሯችኋል።

ሲንታክስ ኤረር (የአጻጻፍ ሕግ ስህተት) ሲሆን ከተጠቆመው መስመር አንድ ወደ ላይም ተመልከቱ። ያልተዘጋ ቅንፍ ሲኖር የቆዩት ቨርዥኖች የሚጠቁሙት ቀጣዩን መስመር ነው። ከፓይተን 3.10 ወዲህ ግን ቅንፉ እንዳልተዘጋ በቀጥታ ይነገራችኋል።

መልእክቱን ሙሉውን ወደ ጽሑፍ ፋይል ኮፒ አድርጉና አስቀምጡ። ደረጃ 7 ላይ ትፈልጉታላችሁ።

ደረጃ 3. ቨርዥኑን አስተያዩ

ከሚደርሱኝ «ስህተቶች» ብዙዎቹ ሲጻፉ ትክክል የነበሩና አሁን ያረጁ ኮዶች ናቸው። በፒዲኤፍ ተቀምጦ በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር መጽሐፍ የምትማሩ ከሆነ ይህን ደረጃ እንዳትዘሉት። ፋይሉ መቼ እንደወጣ ላያስታውቅ ይችላል፤ ሽፋኑ ጀርባ ያለውን ዓመት ፈልጉ።

የእናንተን ቨርዥን ለማወቅ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ «ፓይተን» ብላችሁ ሁለት ሰረዝና «ቨርዥን» ጻፉ። ለላይብረሪ (ሌሎች ጽፈውት ለምንጠቀምበት ዝግጁ ኮድ) ደግሞ «ፒፕ ሾው» ብላችሁ ስሙን አስከትሉ። በተደጋጋሚ የሚያጋጥሙት እነዚህ ናቸው፦

- ፕሪንት ያለ ቅንፍ ከተጻፈ መማሪያው የፓይተን 2 ነው። የፓይተን 2 ድጋፍ በጃንዋሪ 1 ቀን 2020 አብቅቷል።
- 7 ለ 2 ሲካፈል ፓይተን 2 ላይ 3፣ ፓይተን 3 ላይ 3.5 ይሰጣል። ይህ የባሰ ነው፤ ኤረር አያወጣም፣ ውጤቱ ብቻ ዝም ብሎ ይቀየራል።
- ፓንዳስ (የፓይተን የዳታ ላይብረሪ) ውስጥ በዴታፍሬም (በዳታ ሰንጠረዥ) ላይ «አፔንድ» የሚል ኮድ ካለ፣ በ2023 ከወጣው ቨርዥን 2.0 ጀምሮ ተወግዷል። በምትኩ «ኮንካት» ነው።
- ሪአክት ራውተር (የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ) ላይ «ስዊች» የሚል ካያችሁ ከቨርዥን 6 በፊት የተጻፈ ነው። አሁን «ራውትስ» ሆኗል።

ለምን መለየት አስፈለገ? ያረጀ ኮድና የተሳሳተ ኮድ የሚታረሙት በተለያየ መንገድ ስለሆነ ነው። ላረጀው ጸሐፊው «ይህ ለቨርዥን እዚህ ድረስ ነው» ብሎ አንድ መስመር ቢጨምር ሊበቃ ይችላል። የተሳሳተው ግን ኮዱ ራሱ መቀየር አለበት።

ደረጃ 4. በንጹሕ ቦታ ሞክሩ

ኮምፒውተራችሁ ላይ ከሌላ ሥራ የቀሩ ላይብረሪዎች ይኖራሉ። በአዲሱ ፎልደር ውስጥ በ«ቬንቭ» ቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንት (ከሌላው ሥራችሁ የተለየ የፓይተን ቦታ) ክፈቱና መማሪያው ጫኑ ያለውን ብቻ ጫኑ፤ ከተቻለም እሱ የጠቀሰውን ቨርዥን። በዚህ ሁኔታም ካልሠራ መማሪያው ላይ ችግር አለ ብላችሁ መናገር ትችላላችሁ።

የኢንተርኔት ፓኬጅ የሚያሳስባችሁ ከሆነ ለትልልቅ ላይብረሪዎች ጉግል ኮላብ (በብራውዘር ፓይተን የሚያስኬድ አገልግሎት) ላይ ሞክሩት። ላይብረሪው የሚወርደው በነሱ ሰርቨር ላይ ነው፤ የእናንተ ፓኬጅ ብዙም አይነካም።

ደረጃ 5. ኮዱን እስከቻላችሁ አሳጥሩ

ከሁሉም ደረጃዎች በላይ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ይህ ነው። ስለዚህ በእውነተኛ ምሳሌ ላሳያችሁ።

መማሪያው ፋይል ከፍቶ ቃላት የሚቆጥር ሃያ መስመር ኮድ አለው እንበል። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይሠራል። እናንተ የአማርኛ ጽሑፍ ስትሰጡት ዊንዶውስ ላይ ይቆማል። ኮዱን በየተራ ቀንሱት። ውጤቱን የሚደረድረውን ክፍል አጥፉና ራን አድርጉ፤ አሁንም ይቆማል። የሚቆጥረውን ክፍል አጥፉ፤ አሁንም ይቆማል። በመጨረሻ ሁለት መስመር ይቀራል፦

ፋይል = ኦፕን("ሰላም.ቲኤክስቲ")
ፕሪንት(ፋይል.ሪድ())

በጽሑፍ ፋይሉ ውስጥም «ሰላም» የሚለውን አንድ ቃል ብቻ ተዉ። ኤረሩ በ8ኛው ቦታ ላይ ያለውን ባይት መፍታት አልቻልኩም ይላል። አሁን ምክንያቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፊደል በፋይል ውስጥ ወደ ባይት የሚቀየርበት ሥርዓት ኢንኮዲንግ ይባላል። በብዛት በሚሠራበት በዩቲኤፍ-8 ኢንኮዲንግ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «ሰላም» 9 ባይት ነው፤ ከዜሮ ስንቆጥር የመጨረሻው ባይት 8ኛው ነው። እሱም የ«ም» ሦስተኛ ባይት ነው። በተለመደው የእንግሊዝኛ ዊንዶውስ ላይ እስከ 3.14 ያሉት የፓይተን ቨርዥኖች ኢንኮዲንግ ካልተነገራቸው ፋይሉን በሲፒ1252፣ ማለትም በዊንዶውስ የላቲን ፊደላት ኢንኮዲንግ፣ ያነቡታል። በዚያ ሰንጠረዥ ውስጥ ደግሞ ይህ ባይት ምንም ምልክት አልተሰጠውም። ኮዱ የሚቆመው ለዚህ ነው።

አንድ እርምጃ ቀጥሉ። «ሰላም»ን አጥፍታችሁ «ሀገር» ጻፉ። አሁን ኤረር የለም! ግን ርዝመቱን በ«ሌን» ብትጠይቁት ከ3 ይልቅ 9 ይላችኋል፤ ፕሪንት ሲደረግም የሚወጣው ዝብርቅርቅ ምልክት ነው። የ«ሀገር» ባይቶች በሙሉ በሲፒ1252 ውስጥ የሆነ ምልክት ስላላቸው ፓይተን ምንም ሳይል ያነባቸዋል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የከፋ ነው፤ ተማሪው ቆጠራው እንደተሳሳተ ሳያውቅ ይቀጥላል። ሪፖርታችሁ ላይ ሁለቱንም ጻፉ።

ማክና ሊነክስ ላይ መነሻው ዩቲኤፍ-8 ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ማክ የሚጠቀም ከሆነ «እኔ ጋ ይሠራል» ይላል፤ እውነቱንም ነው። እሱም እንዲያየው አድርጉ። ኦፕን ውስጥ ኢንኮዲንጉን ሆን ብሎ ሲፒ1252 ብሎ ቢጽፍ ያው ኤረር ማኩ ላይ ይወጣለታል። ይህችን አንድ መስመር ሪፖርቱ ውስጥ ስትጨምሩ ከብዙ መመላለስ ትድናላችሁ።

መፍትሔው ደግሞ አጭር ነው፦

ፋይል = ኦፕን("ሰላም.ቲኤክስቲ"፣ ኢንኮዲንግ="ዩቲኤፍ-8")

በመሃል ያለው መለያ ኤዲተራችሁ ላይ ተራው የእንግሊዝኛ ኮማ ነው። የአማርኛውን ነጠላ ሰረዝ ከጻፋችሁ አዲስ ኤረር ትፈጥራላችሁ።

ደረጃ 6. ቀድሞ ተነግሮ እንደሆነ ፈልጉ

መጽሐፍ ከሆነ የአሳታሚውን የእርማት ገጽ ተመልከቱ። እንደ ኦራይሊ ያሉ አሳታሚዎች ለመጻሕፍታቸው እንዲህ ዓይነት ገጽ አላቸው። የመጽሐፉ ኮድ ጊትሃብ ላይ ካለ የእናንተ ቅጂ ላይ ያለው ስህተት እዚያ ታርሞ ልታገኙት ትችላላችሁ። ጊትሃብ ላይ ኢሹዎችን (የችግር ሪፖርቶችን) ስትፈልጉ የተዘጉትንም ጨምሩ፤ ታርሞ የተዘጋ ሊሆን ይችላል። ለመፈለጊያ የኤረሩን የመጨረሻ መስመር ተጠቀሙ፤ የራሳችሁን የፋይል ስም ግን አውጡት።

ክፍት ሆኖ ካገኛችሁት አዲስ አትክፈቱ። እዚያው ላይ የእናንተን ቨርዥንና ያሳጠራችሁትን ኮድ ጨምሩ። «እኔም» ብቻ ብሎ መጻፍ ግን ለማንም አይጠቅምም።

በዚሁ አጋጣሚ ከኮዱ በታች ያሉትን ሁለት ሦስት አንቀጾች አንብቡ። አንዳንድ መምህራን ሆን ብለው የተሳሳተ ኮድ አሳይተው ቀጥሎ ያርሙታል።

ደረጃ 7. ሪፖርቱን ጻፉ

በመጀመሪያ የት እንደሚላክ እወቁ። የፓይተን ዶክመንቴሽን ገጾች ጎን ላይ ስህተት ማሳወቂያ ሊንክ አለ። ኤምዲኤን (የድረ ገጽ ቴክኖሎጂዎች ማብራሪያ ድረ ገጽ) ላይ ከገጹ ግርጌ ታገኙታላችሁ። ፍሪኮድካምፕ ጊትሃብ ላይ ይቀበላል። ጸሐፊው በግሉ ያዘጋጀው ከሆነ እሱ ራሱ የሰጠውን አድራሻ ተጠቀሙ፤ በሌላ መንገድ የግል ስልክ አትፈልጉ።

ቋንቋው መማሪያው የተጻፈበት ይሁን። እንግሊዝኛችሁ ደካማ ቢሆንም አትፍሩ፤ ኮዱና ኤረሩ አብዛኛውን ይናገራሉ። ለአማርኛ መማሪያ እንዲህ ብላችሁ መጻፍ ትችላላችሁ፦

ርዕስ፦ ምዕራፍ 4፣ ፋይል የሚያነበው ምሳሌ ዊንዶውስ ላይ የአማርኛ ጽሑፍ አያነብም

ጤና ይስጥልኝ። ትምህርቱን እየተከታተልኩ ነው፤ በጣም ጠቅሞኛል። ምዕራፍ 4 ላይ ያለው ሁለተኛው ምሳሌ እኔ ጋ አልሠራም።
የተጠቀምኩት፦ ዊንዶውስ 11፣ ፓይተን 3.12።
ያደረግሁት፦ «ሰላም» የሚል ቃል ብቻ ያለበት ፋይል በዩቲኤፍ-8 አስቀምጬ በምሳሌው ኮድ ከፈትኩት።
የጠበቅሁት፦ «ሰላም» ብሎ እንዲያወጣ።
የሆነው፦ (ሙሉው ኤረር እዚህ ይገባል)
ተጨማሪ፦ ቃሉ «ሀገር» ሲሆን ኤረር የለም፤ ግን ርዝመቱን 9 ይላል።
ማክ ላይ ለማየት፦ ኦፕን ውስጥ ኢንኮዲንጉን ሲፒ1252 ያድርጉት።
የሚመስለኝ መፍትሔ፦ ኦፕን ውስጥ ኢንኮዲንግ ዩቲኤፍ-8 ቢጨመር። ሞክሬዋለሁ፤ ይሠራል። ከፈቀዱ አርሜ መላክ እችላለሁ።

እያንዳንዱ መስመር ሥራ አለው። ርዕሱ ብቻውን ቦታውንም ችግሩንም ይናገራል። «የጠበቅሁት» እና «የሆነው» ካልተለዩ ጸሐፊው ምኑ እንደተበላሸ መገመት ይኖርበታል። «የሚመስለኝ» የሚለው ቃል ደግሞ ሌላ የተሻለ መንገድ ካለ በሩን ክፍት ይተዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ከመላካችሁ በፊት ኤረሩን አንዴ አንብቡት። የፋይል አድራሻው ውስጥ የእናንተ ወይም የመሥሪያ ቤታችሁ ስም ሊኖር ይችላል። የይለፍ ቃልና የኤፒአይ ቁልፍ (ፕሮግራማችሁን ከሌላ አገልግሎት ጋር የሚያገናኝ ምስጢራዊ ኮድ) ካለ አውጡት። ቁልፉ አንዴ በይፋ ከወጣ መሰረዝ አይበቃም፤ በአዲስ መተካት አለበት።

ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ፦ ስህተቱ የደኅንነት ከሆነ፣ ለምሳሌ የመማሪያው ድረ ገጽ ራሱ የሚጠቀምበት ኮድ ላይ ክፍተት ካገኛችሁ፣ በይፋ አትጻፉት። ፕሮጀክቱ «ሴኪዩሪቲ» የሚል ፋይል ካለው እዚያ በተሰጠው የግል መንገድ ላኩ። በምሳሌ ኮዱ ውስጥ ከተጠቃሚ የመጣን ጽሑፍ ከኤስኪውኤል (የዳታቤዝ ቋንቋ) ትእዛዝ ጋር በመደመር የሚቀጥል ካለ ግን እሱን በይፋ መንገር ይቻላል፤ መንገርም ይገባል። ተማሪው ያንን ልምድ ይዞ ሥራ ይገባል።

ደረጃ 8. ራሳችሁ አርሙ

ኮዱ ጊትሃብ ላይ ካለ ምንም ሳትጭኑ በብራውዘር ብቻ ማረም ትችላላችሁ።

መጀመሪያ «ኮንትሪቢዩቲንግ» የሚል ፋይል ካለ አንብቡ። አንዳንድ ፕሮጀክቶች ቀድሞ ኢሹ እንዲከፈት ይፈልጋሉ። እንደ ፓይተን ያሉት ደግሞ የስምምነት ቅጽ ያስፈርማሉ።

ከዚያ ፋይሉን ክፈቱና የእርሳሱን ምልክት ተጫኑ። የመጻፍ ፈቃድ ስለሌላችሁ ጊትሃብ በስማችሁ ፎርክ፣ ማለትም የራሳችሁን ቅጂ፣ ያዘጋጅላችኋል። አርማችሁ ስትጨርሱ ኮሚት አድርጉ፣ ማለትም ለውጡን ከአጭር መልእክት ጋር መዝግቡ፤ መልእክቱ ምን እንደቀየራችሁ የሚናገር ይሁን። «አረምኩ» ብቻ አይበቃም። ቀጥሎ ፑል ሪኩዌስት፣ ማለትም ጸሐፊው እርማታችሁን እንዲቀበል የሚቀርብ ጥያቄ፣ ክፈቱ። መግለጫው ውስጥ «ፊክስስ» ብላችሁ የኢሹውን ቁጥር ከ# ምልክት ጋር ከጻፋችሁ እርማቱ ዋናው ብራንች (የፕሮጀክቱ ዋና ቅጂ) ላይ ሲገባ ኢሹው ራሱ ይዘጋል።

ስታርሙ ሦስት ቦታ ተመልከቱ፦ ኮዱን፣ ከኮዱ በታች የተጻፈውን ውጤት፣ እና ኮዱን በቃላት የሚያብራራውን አንቀጽ። ብዙ ሰው ኮዱን ብቻ ያርምና ማብራሪያው የድሮውን ሲያስተምር ይቀራል። ያው ኮድ ቀጣይ ምዕራፍ ላይ ተደግሞ እንደሆነም ፈልጉ። በኛ ምሳሌ ፋይል የሚያነበው ኦፕን ታርሞ የሚጽፈው ከቀረ የአማርኛው ጽሑፍ ሲጻፍ እንደገና ይቆማል።

ጁፒተር ኖትቡክ (ኮድና ውጤቱ በሴል ተከፋፍለው አብረው የሚቀመጡበት ፋይል) ከሆነ ተጠንቀቁ። ሁሉንም ሴል ራን አድርጋችሁ ስታስቀምጡ የሴል ቁጥሮቹና ውጤቶቹ ይቀየራሉ። የቀየራችሁት አንድ መስመር ሆኖ ሳለ ጸሐፊው ብዙ ለውጥ ይታየዋል፤ የእናንተን መለየት ይቸገራል። የነካችሁትን ሴል ብቻ ቀይሩ።

ደረጃ 9. ተከታተሉ

ጥያቄ ከመጣ ቶሎ መልሱ፤ ብዙ ፑል ሪኩዌስት የሚሞተው ላኪው ስለሚጠፋ ነው። መልስ ካልመጣ ሁለት ሦስት ሳምንት ጠብቁና አንዴ በትሕትና አስታውሱ። ብዙዎቹ መማሪያዎች በትርፍ ጊዜ የሚዘጋጁ ናቸው። ጸሐፊው እርማቱን ካልተቀበለ ምክንያቱን ጠይቁ። ለጀማሪ ቀላል እንዲሆን ሆን ብሎ የተወው ሊሆን ይችላል።

በብዛት የሚታዩ ስህተቶች

- «አይሠራም» ብሎ መላክ። ምን እንደሆነ፣ የት እንደሆነ፣ በምን ቨርዥን እንደሆነ የለበትም።
- ስክሪኑን በስልክ ፎቶ አንስቶ መላክ። ከፎቶ ላይ ኮድ ኮፒ አይደረግም፤ በፍለጋም አይገኝም።
- አምስት ስህተት በአንድ ሪፖርት ማጨቅ። አንዱ ሲታረም ቀሪዎቹ ይረሳሉ። ለየብቻ ላኩ።
- አንድ መስመር ለማረም ገብቶ የተለዋዋጭ ስሞችንና የአጻጻፍ ስልቱን ሁሉ መቀየር። ጸሐፊው ሁሉንም መመርመር ስለሚኖርበት ትክክለኛው እርማትም አብሮ ይዘገያል።
- ኤአይ የሰጠውን መፍትሔ ራን ሳያደርጉ መላክ። ትክክል የሚመስል ግን በዚያ ቨርዥን የሌለ ፈንክሽን ሊጽፍ ይችላል። ደረጃ 4 ላይ በከፈታችሁት ንጹሕ ፎልደር ውስጥ ሞክሩት፤ ካልሞከራችሁት አትላኩት።
- መማሪያው ራን አድርጉ ያለውን የተርሚናል ትእዛዝ ምን እንደሚሠራ ሳያዩ መሞከር። ፋይል የሚያጠፋ ወይም ከኢንተርኔት አውርዶ ወዲያው የሚያስኬድ ትእዛዝ ካለ ለሙከራም ቢሆን ዋናው ኮምፒውተራችሁ ላይ አታድርጉት።